በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት አለ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ኬሚስትሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጭስ የሚተፋ ጠርሙስና የሚፈነዳ ነገር ነው። እኛ ግን ይዘን የቀረብነው ውሃ ነው። የምናነሣውም ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «በዚህ ውሃ ውስጥ ምን አለ?» የሚለው ሳይሆን «በአንድ ሊትሩ ውስጥ ስንት አለ?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ይመስላሉ። በመልካሳና በአካባቢዋ ላሉት ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን ልዩነቱ በጥርሳቸው ላይ ይታያል።

አስቀድመን በስሞቹ እንስማማ። ስኳር በሻይ ውስጥ ሲጠፋ ብዙዎቻችን «ቀለጠ» እንላለን። መቅለጥ ግን የቅቤና የበረዶ ነው፤ ስኳር የሚሟሟ እንጂ የሚቀልጥ አይደለም። የሚሟሟውን ነገር ሟሚ፣ የሚያሟሟውን አሟሚ፣ ሁለቱ አንድ ወጥ ሆነው የሚገኙበትን ፈሳሽ ደግሞ ሙሙት ብለን እንጠራለን። በተወሰነ ሙሙት ውስጥ ምን ያህል ሟሚ እንዳለ የሚነግረንን ቁጥር ኬሚስቶች ኮንሰንትሬሽን ይሉታል፤ እኛ በዚህ ንግግር «የይዘት ልክ» እንለዋለን።

ነገሩን እናቶቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ቡና መጀመሪያ ሲቀዳ አቦል ነው፤ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ሲፈላ ቶና፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም በረካ ይሆናል። ጀበናው ያው ጀበና፣ ቡናውም ያው ቡና ነው፤ የተለወጠው ከዱቄቱ ወጥቶ ወደ ሲኒው የገባው መጠን ነው። ማርን በውሃ ሲያቀጥኑትም «በረዙት» እንላለን፤ እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቃል ከባሕር ማዶ መዋስ አላስፈለገንም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ምላስ ሚዛን አይደለም። አንዱ «ቀጠነ» ያለውን ቡና ሌላው «ወፈረ» ይለዋል። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል። በ100 ግራም ሙሙት ውስጥ ስንት ግራም ሟሚ እንዳለ ብንቆጥር ከመቶ እጅ አገኘን ማለት ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም፣ ነገሩ ጥቂት ሲሆን ደግሞ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ብንቆጥር የውሃ መርማሪዎች የሚጠቀሙበትን መለኪያ እናገኛለን። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ በአንድ ሊትር አንድ ሚሊግራም ማለት ከሚሊዮን አንድ እጅ ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምንለፋበት ሞል የተባለው ቆጠራ ነው፤ ወላጆቻችንን በእርሱ አናደክምም፤ ለአንድ ነገር ብቻ ግን ቆይተን እንጠራዋለን።

ለሟሚው ወሰን አለው። በተራ ሙቀት በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ 36 ግራም ያህል የገበታ ጨው ይሟሟል፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው ከሥር ይዘቅጣል፤ ውሃው ጠግቧልና። ስኳር ሲሆን ያው 100 ሚሊሊትር እስከ 200 ግራም ገደማ ይቀበላል። በጎረቤታችን በወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረው የስኳር ሥራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከሸንኮራ አገዳ የሚጨመቀው ጭማቂ በመቶ ክፍሉ 15 ያህል እንኳ ስኳር ቢይዝ መልካም ነው። ውሃው በእንፋሎት እየተነነ ሲሄድ ግን ይዘቱ ከ60 በመቶ ያልፋል፤ በመጨረሻም ውሃው ስኳሩን መሸከም ሲሳነው ስኳሩ ፍሬ ሆኖ ይወጣል። ውሃው ሲሄድ ሟሚው እንደሚቀር እባካችሁ አስቡልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የልክ ጉዳይ ቀልድ አለመሆኑን በአንድ ምሳሌ አሳይተን እንለፍ። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ከረጢት 20.5 ግራም ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ የሚበጠበጠውም በአንድ ሊትር ውሃ ነው። «ይበርታለት» ተብሎ በግማሽ ሊትር ቢበጠበጥ ጨውና ስኳሩ እጥፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለሕፃኑ ውሃ በመስጠት ፈንታ ከገላው ወደ አንጀቱ ውሃ ይስባል። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ልኩ ብቻ ጠፋ።

አሁን በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ስድስት ብርጭቆዎች ተመልከቱ። በመጀመሪያው ውስጥ ያለው አንድ ግራም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ የሟሟበት ነው፤ ቀለሙ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ ነው። ከእርሱ አንድ እጅ ወስደን ዘጠኝ እጅ ውሃ ጨመርንና ሁለተኛውን አደረግን፤ ከሁለተኛውም እንዲሁ አድርገን ሦስተኛውን፣ እየቀጠልን እስከ ስድስተኛው ደረስን። ስለዚህ በመጀመሪያው በሊትር 1000 ሚሊግራም፣ በሁለተኛው 100፣ በሦስተኛው 10፣ በአራተኛው 1 ሚሊግራም አለ። አራተኛው ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ከኋላ ያላችሁ ምናልባት ላታዩት ትችላላችሁ። አምስተኛውና ስድስተኛው ግን ለሁላችንም ንጹሕ ውሃ መስለው ይታያሉ፤ ነገር ግን በውስጣቸው የጨመርነው አለ፤ ያልነበረ ሆኖ አልጠፋም። ዐይናችን ሥራውን የሚያቆመው በሊትር አንድ ሚሊግራም አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ያውም ደማቅ ቀለም ላለው ነገር።

ዛሬ የምንናገርለት ነገር ደግሞ ቀለም የለውም። ስሙ ፍሎራይድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው መመሪያ በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ ልኩም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ይህ በአራተኛው ብርጭቆ ካለው ይዘት ብዙ የማይርቅ ነው። በሞል ስናሰላው አንድ ሞል ፍሎራይድ 19 ግራም ስለሆነ 1.5 ሚሊግራም የአንድ ሞል 79 ሚሊዮንኛ ክፍል ያህል ነው (ይኸውም ከሚሊዮን እጅ 79ኙ)። እጅግ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያች አንድ ሊትር ውስጥ ከ47 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን በላይ የፍሎራይድ ቅንጣቶች አሉ። ኬሚስትሪ የሚሠራው ከእነዚህ ቅንጣቶች ጋር እንጂ ከእኛ ዐይን ጋር አይደለም።

በሊትር 1 ሚሊግራም አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ፍሎራይድ ጥርስን ከመበስበስ ይረዳዋል። በአሜሪካ ግራንድ ራፒድስ የተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1945 ይህንኑ ያህል ሆን ብላ በውሃዋ ጨምራለች። ልኩ ሲያልፍ ግን በድድ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያለውን የሕፃን ጥርስ ያበላሻል፤ ጥርሱም ሲበቅል ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ከዚያም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በሊትር ብዙ ሚሊግራም ያለበትን ውሃ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ሰው ደግሞ ፍሎራይዱ በአጥንቱ ይከማችበታል። በወንጂ ስኳር እርሻ መንደሮች በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። ከነዋሪዎቹ መካከልም ወገባቸው የደረቀና አንገታቸውን ማዞር የተሳናቸው እንደ ነበሩ ሐኪሞች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. መርምረው ጽፈዋል።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የሕፃናቱ ጥርስ ስለ ምን ቡናማ እንደ ሆነ ሲመራመር ሠላሳ ዓመት ፈጅቶበታል። ውሃው መሆኑን ጠርጥሮ ነበር፤ ነገር ግን በጊዜው የነበረው ምርመራ በውሃው ውስጥ ምንም አላገኘም። መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ ያገኘውም ቸርችል የተባለ የአንድ አልሙኒየም ኩባንያ ኬሚስት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች «በውሃው ውስጥ ምንም የለም» ሲሉ የኖሩት፣ ያን ያህል ጥቂት የሆነውን ነገር የሚለካ መሣሪያ ስላልነበራቸው ነው።

በእኛ አገርስ? ቡናማ ጥርስ ያለውን ልጅ «ጥርስህን አትፍቅም?» የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ እኅቶቻችንንም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጁ ግን ጥዋትና ማታ መፋቂያውን ቢይዝም ቀለሙ አይለቅም፤ ምክንያቱም ከውጭ የተለጠፈ እድፍ ሳይሆን ጥርሱ ገና ሲሠራ አብሮት የተሠራ ነው። ይህን ስድብ ከመካከላችን ብናስወግደው ክበባችን ከዚህ የሚበልጥ ደመወዝ አይፈልግም።

ፍሎራይዱ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከምንቆምበት መሬት ነው። ስምጥ ሸለቆአችን እሳተ ገሞራ የፈጠረው አገር ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ በአመዱና በድንጋዩ መካከል ለረጅም ጊዜ ሲንሸራሸር ፍሎራይዱን ያሟሟዋል። በሌላ አገር ቢሆን በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ይይዘው ነበር፤ ካልሲየምና ፍሎራይድ ሲገናኙ በጭንቅ የሚሟሟ ድንጋይ ይሆናሉና። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከዚህ ድንጋይ የሚሟሟው 16 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ፍሎራይዱ 8 ሚሊግራም አይሞላም። የሸለቆአችን የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ግን በአብዛኛው ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱን የሚያስረው የለም፤ እንደ ልቡ ይበዛል።

ከዚህ አንድ የሚያሳዝን ነገር ይመጣል። አባቶቻችን ከአዋሽ ሲቀዱ ውሃው ደፍራሽና ተሐዋስያን ያለበት ነበር፤ ስለዚህ «ወንዙን ትታችሁ ከጥልቅ ጉድጓድ ጠጡ» ተባሉ። ምክሩ ብዙ ሕፃናትን ከሞት አድኗል፤ ልንነቅፈው አንችልም። ነገር ግን ደፍራሹ አዋሽ ከብዙዎቹ ጥልቅ ጉድጓዶች ያነሰ ፍሎራይድ ነው ያለው፤ እንደ ብርጭቆ የጠራው የጉድጓድ ውሃ ደግሞ የበለጠ። የአዳማ ከተማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ የምትጠጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቧንቧው ያልደረሰበት ገጠር ግን ገና በጉድጓዱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ እናቶቻችን በተለይ እንዲሰሙን እንለምናለን። «ውሃ ካፈላነው ምን ይቀረዋል?» የሚል አለ። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ በዚህ ጥርጥር የለም። ፍሎራይድ ግን ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ የሚሞት አይደለም፤ በእንፋሎትም አይሄድም። ወንጂን አስታውሱ፤ ውሃው ሲተን ስኳሩ ቀርቷል። በሊትር 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለበት 4 ሊትር ውሃ ብንጥድ በድስቱ ውስጥ 12 ሚሊግራም አለ። ሳይከደን ፈልቶ ፈልቶ 3 ሊትር ሲቀር ያው 12 ሚሊግራም በ3 ሊትር ውስጥ ነው፤ በሊትር 4 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ውሃ ሲፈላ ይከደን፤ እንደ ፈላም ይውረድ። ክሎሪን መጨመርም ለተሐዋስያን እንጂ ለፍሎራይድ አይሆንም። በነጠላ ማጥለልም ጭቃውን ያስቀር ይሆናል፤ የሟሟውን ግን ጨርቅ አይዘውም።

ፀሐይም ከእኛ ይልቅ በትልቅ ድስት ይህንኑ ስታደርግ ትኖራለች። የአቢያታና የሻላ ሐይቆች መውጫ ወንዝ የላቸውም፤ ውሃቸው ወደ ሰማይ ሲሄድ ሟሚው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በእነርሱ ውስጥ ፍሎራይዱ በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ነው። ዝዋይ ግን በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢያታ ስለሚፈስ ሟሚውን አብሮ ይሸኛል፤ ስለዚህ ውሃው እስከ ዛሬ ለዓሣና ለእርሻ የሚሆን ነው።

ፍሎራይድን ከውሃ ማውጣት ይቻላልን? ይቻላል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አንዱ ነገር በዚሁ በመልካሳ ሲሠራ ኖሯል። የመልካሳው ፋብሪካ አልሙኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ነው። (ሰልፈሪክ አሲድ ስንል ታናናሾቻችን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አሲዱን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ አሲድ አትጨምሩ። የጠነከረው አሲድ ከመቶ 98 እጁ አሲድ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እጅግ ስለሚግል ከላይ የፈሰሰችውን ጥቂት ውሃ አፍልቶ ወደ ፊታችሁ ይረጫታል።) አልሙኒየም ሰልፌት የከተማ ውሃ ማጣሪያዎች ጭቃ የሚያዘቅጡበት ነው፤ በውሃው ውስጥ እንደ ብን ያለ ነገር ሠርቶ ድፍርሱን እየጠቀለለ ይወርዳል። በህንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገኘውና ናልጎንዳ በተባለ ስፍራ ስም የሚጠራው ዘዴ ይህንኑ ከኖራ ጋር አድርጎ ለፍሎራይድ ይጠቀምበታል፤ በስምጥ ሸለቆ መንደሮቻችንም ተሞክሯል። ችግሩ እንደገና የልክ ነው። ለጭቃ በሊትር በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊግራም ሲበቃ፣ ለፍሎራይድ በመቶዎች የሚቆጠር ያስፈልጋል። ቢያንስ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ ያለ ልክ ቢበዛ ወይም ኖራው ባይመጣጠን ደግሞ ውሃው ይኮመጥጣል፤ አልሙኒየሙም በውሃው ይቀራል። ስለዚህ ሚዛን የሚያነብ ሰው በየዕለቱ ይፈልጋል።

ሌላው የከሰለ የከብት አጥንት ነው። አጥንት ፍሎራይድን ይስባል፤ የሰውን ወገብ ያደረቀውም ይኸው ጠባዩ ነው። በማጣሪያ ውስጥ ሲሆን ግን የሞተው አጥንት በሕያው አጥንት ፈንታ ይቀበለዋል። እርሱም እስኪጠግብ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ መለወጥ አለበት፤ መቼ እንደ ጠገበ ደግሞ ካልለኩት አይታወቅም።

የመጨረሻው ዘዴ ከሁሉ የሚቀለው መበረዝ ነው። ጉድጓዳችን በሊትር 6 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው እንበል። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ እንስራ የጉድጓድ ውሃ ከሦስት እንስራ የዝናብ ውሃ ጋር ብንቀላቅል 6ቱ ሚሊግራም ለአራት ይከፈልና 1.5 ይሆናል። በመልካሳ አካባቢ በዓመት 800 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ከግማሽ የሚበልጠውም በክረምት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያው 40 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በዓመት 32000 ሊትር ያህል ይወርድበታል፤ እኛም ጓሮ ሲያጥለቀልቅ እያየን ዝም እንላለን።

ስድስት ሰዎች ያሉበት ቤት ለመጠጥና ለማብሰያ ለያንዳንዱ 5 ሊትር ቢያስፈልገው በቀን 30 ሊትር ነው። ከዚህ ሦስት አራተኛው ዝናብ ቢሆን 22 ሊትር ተኩል ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ላሉት 240 ቀኖች 5400 ሊትር ማከማቸት ያስፈልጋል፤ ይኸውም አንድ ባለ 5000 ሊትር ሮቶና ሁለት በርሜል ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ እንዲያልፍ ይለቀቅ፤ ማጠራቀሚያውም ይከደን፤ ለመጠጥ የሚሆነውም ይፍላ።

ሮቶ ውድ ነው፤ ይህን ሳናውቅ አንናገርም። ሁለቱን በርሜል ብቻ ለሚችል ቤት ግን አንድ ሒሳብ አለን። የፊት ጥርሶች የሚሠሩት እስከ 8 ዓመት ድረስ ነው፤ ስለዚህ ጥቂቱ የዝናብ ውሃ አስቀድሞ ለትንንሾቹ ይሁን። አንድ ሕፃን ለመጠጥና ለምግቡ በቀን 2 ሊትር ቢፈልግ ከዚያ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩሉ ዝናብ ይሆናል፤ በ240 ቀን 360 ሊትር ነው። ሁለት በርሜል 400 ሊትር ይይዛል። 40 ሊትር ይተርፋል።